ባንኮክ ላይ እግሬን የት ላድርገው?

መነኩሴው ከአጠገቤ ሸሸት ብሎ ብርቱካናማ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ጥግ ሲጠጋ መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ቀለሜ ነው። እውነቴን ነው። "ጥቁር ስለሆንኩ ነው አይደል?" ብዬ ደሜ ፈላ። ባንኮክ ከገባን ገና ሁለተኛ ቀናችን ነው፣ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚመላለሰው የህዝብ ጀልባ ውስጥ ነኝ፣ ጀልባው ጢም ብሏል፣ ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍት ቦታ አየሁና እሰይ ብዬ ሄጄ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ተጣቦ እያለ እዛ ቦታ ላይ ለምን ማንም እንዳልቆመ አልጠየቅኩም። እኔ እንደዚህ ነኝ፣ ሰልፍ ካጠረ ለምን አጠረ ብዬ አላስብም በቃ እገባለሁ።

ማታ ላይ ለባለ ጌስትሃውሷ እንዴት እንደተናደድኩ ነገርኳት። ሁሉም ሰው "ፒ" ነው የሚላት፣ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፣ ስሟን ሳልጠይቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔም ፒ እያልኳት ኖርኩ። የት ጋ ነው የቆምሽው አለችኝ። ከኋላ አልኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ ቦታው የመነኮሳት ነው፣ ጽሑፉም ስዕሉም ከጭንቅላቴ በላይ ተለጥፎ ነበር። መነኩሴ ሴት አይነካም፣ ሴትም መነኩሴ አትነካም፣ በስህተት ልብሷ እንኳን ሲነካው ይጠነቀቃል። 227 ደንብ ነው የሚጠብቁት፣ እና ሰውዬው እኔን እየሸሸ ሳይሆን መሃላውን እየጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስሰድበው ዋልኩ። በነገራችን ላይ የከተማው ባቡር ላይም ለነሱ ቅድሚያ የሚሰጥ ወንበር አለ ስዕል ተደርጎበታል፣ ሴት ከሆናችሁ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ቢሆንም እንኳን ሌላ ፈልጉ።

ይሄን የምጽፈው ሰሞኑን "ታይላንድ ልንሄድ ነው ምን ምን እንጠንቀቅ" የሚሉ ሰዎች ስለበዙብኝ ነው። ግማሹ ለህክምና ነው የሚሄደው ግማሹ ለዕቃ፣ እኛም ለአባዬ ጉልበት ነው በሐምሌ 2017 የሄድነው። ከመሄዴ በፊት ሊስት አንብቤ ነበር፣ ይሄን አታድርጉ ያንን አታድርጉ የሚል ሃያ ምናምን ነገር፣ ኤርፖርት ስደርስ አንዱንም አላስታውሰውም። እዛ ቆይቼ የገባኝ ግን ሊስቱ ሁሉ አንድ ነገር መሆኑ ነው፦ ከፍና ዝቅ። ራስ ከፍ ያለ ነው፣ እግር ዝቅ ያለ ነው፣ ቡድሃ ከሁሉ በላይ፣ መነኩሴ ከዛ ቀጥሎ፣ ንጉሥ፣ ሽማግሌ፣ ከዛ እኔና እናንተ። ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን ራሳችሁ ትገምቱታላችሁ።

የገባኝ ደግሞ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳይመስላችሁ፣ ልብስ ሳሰጣ ነው። ጌስትሃውሱ ጣሪያ ላይ ሁለት የልብስ ገመድ አለ፣ አንዱ ከፍ ያለ አንዱ ወገብ ጋ የሚደርስ። እኔ ፀሐይ የሚያገኘው ላይኛው ነው ብዬ ሱሪዬንም የውስጥ ሱሪዬንም ላይ ሰቀልኩት፣ ከሰዓት ስመለስ ሁሉም ነገር ተለቅሞ ታችኛው ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ሸሚዞቼ ብቻ ላይ ቀርተዋል። ማንም ምንም አላለኝም። በማግስቱ ደግሜ ላይ ሰቀልኩት (ነፋስ ያወረደው መስሎኝ ነው ይቅርታ አድርጉልኝ) አሁንም ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ነው የነቃሁት፣ ከወገብ በታች የሚለበስ ነገር ከሰው ጭንቅላት በላይ አይሰቀልም፣ በሥሩ ሰው ያልፋላ። ትራስ ላይ መቀመጥም እንደዛው ነው፣ የራስ ማስቀመጫ ላይ ቂጣችሁን ማሳረፍ። መሬት ላይ ያለ መጽሐፍ ወይ የተኛ ሰው በላዩ ተራምዶ ማለፍም እንደዛው።

ራስ ላይ ያለው ነገር ግን ከንጽህና ምናምን ያለፈ ነው። ታዮች "ክዋን" የሚሉት ነገር አለ፣ ሰውን ሰው አድርጎ የያዘው መንፈስ በሉት፣ መኖሪያው ራስ ውስጥ ነው ይላሉ፣ ሲደነግጥ ሊሸሽ ይችላል። የፒ የእህቷ ልጅ፣ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመ የሚያምር ልጅ፣ ሳየው እጄ ሳላስበው ሄዶ ፀጉሩን አሻሸው። እናትየው ፈገግ አለች። ፈገግ እያለች ልጁን ቀስ ብላ ወደ ጎኗ ሳበችው። ፈገግታ እዛ አገር ብዙ ዓይነት ነው፣ ደስ ብሎኛል የሚል አለ፣ አፈርኩ የሚል አለ፣ እባክሽ እጅሽን ሰብስቢ የሚልም አለ፣ የሷ ሦስተኛው ነበር። ልጅ ሲያምራችሁ በዓይናችሁ ብቻ ውደዱት።

አሁን ወደ እግር ልምጣ፣ ትልቁ ጉድ እዚህ ነው። ግራንድ ፓላስ የሚባለው ቤተ መንግሥት አለ፣ በፈረንጅ 1782 ነው ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ባንኮክን ዋና ከተማ ሲያደርግ መሠራት የጀመረው፣ ውስጡ ዋት ፍራ ኬው የሚባለው ቤተ መቅደስ አለ (ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው)። እዛ ያለው አረንጓዴው ቡድሃ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ኤመራልድ ይበሉት እንጂ ጄድ የሚባለው ድንጋይ ነው፣ ግን አገሩን ይጠብቃል ተብሎ ከሁሉም በላይ የሚከበረው እሱ ነው፣ በዓመት 3 ጊዜ ወቅት ሲቀየር ልብሱ ይቀየርለታል፣ የሚቀይርለትም ንጉሡ ነው። የተቀመጠበት ቦታ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ነው የምታዩት።

መጀመሪያ በር ላይ መለሱኝ። ሌጊንግ ለብሼ ረዥም ሸሚዝ ደርቤ ነበር፣ እጅጌ የለውም ግን ስካርፌን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ፣ አይሆንም። ስካርፍ ልብስ አይደለም አሉኝ፣ ሌጊንግም ሱሪ አይደለም። ወጥቼ ዝሆን ዝሆን ያለበት ሰፊ ሱሪና ካናቴራ ገዛሁ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት የሚለው ሁሉም ዋት ላይ ያለ ነው፣ እዚህ ግን የተቀደደ ጂንስም አይገባም፣ መግቢያው ለውጭ ሰው 500 ባት ስለሆነ ለብሳችሁ ሂዱና ገንዘባችሁን ለቲኬቱ አስቀምጡ። ሌላ ነገር፣ ከአጥሩ ውጪ ደህና ለብሶ "ዛሬ ዝግ ነው፣ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ" የሚላችሁ ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉት፣ አልተዘጋም፣ መጨረሻችሁ ባለ ሦስት እግር ቱክቱክ ውስጥ ከዛ የከበረ ድንጋይ መሸጫ ሱቅ ነው።

እና ውስጥ ገባሁ፣ ጫማ ውጪ፣ ኮፍያ የለም፣ ፎቶ የለም፣ መሬት ላይ ቁጭ። አምስት ደቂቃ ተንበርክኬ ቆየሁ፣ እግሬ ደነዘዘ፣ ዘና ልበል ብዬ ሁለቱንም እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁት። ወደ ፊት ማለት ወደ ቡድሃው። አንድ ጠባቂ ከግድግዳው ተነስቶ በተቀመጡት ሰዎች መሃል መጣ፣ ግን አካሄዱን ብታዩት፣ ከማንም ጭንቅላት በላይ ላለመሆን ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ ዩኒፎርም የለበሰ ጎልማሳ ሰውዬ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ምንም አልተናገረም፣ በሁለት መዳፉ እግር ሠራ፣ ዘረጋቸው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዛ ወደ ጎን አጠፋቸው፣ ፈገግ አለ። ገባኝ። እግሬን ወደ ጎን አጥፌ ውስጥ እግሬን ወደ ኋላ አደረግኩት፣ ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም እንደዛ ነው የተቀመጠው፣ እኔ ብቻ ነኝ ዋና የምዋኝ የምመስለው። ውስጥ እግር ወደ ቡድሃ፣ ወደ መነኩሴ፣ ወደ ሰው አይዞርም። ወንበር ላይ እግር አነባብሮ ጫማን ፊት ለፊት ያለ ሰው ላይ መደገንም እዛው ውስጥ ነው፣ ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቁ ትዝ ይበላችሁ። በእግር በር መግፋት፣ ዕቃን በእግር ማሳየት፣ ይሄ ሁሉ ቀርቷል።

የሚገርመው ደግሞ በማግስቱ ዋት ፖ ሄድኩ። እዛ ያለው ጋደም ያለው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፣ 15 ሜትር ከፍታ አለው፣ አዳራሹ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ በአንድ እይታ አይታይም። እና ሰው ሁሉ ተሰልፎ ፎቶ የሚያነሳው ምኑን ነው? ውስጥ እግሩን! ከኔ ቁመት በላይ የሆነ ውስጥ እግር፣ በሚያብለጨልጭ ዛጎል 108 የበረከት ምልክቶች ተሠርተውበታል። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። የሰው እግር ከአካሉ ሁሉ ዝቅ ያለ በሆነበት አገር የሱ እግር ጌጡ የበዛበት አካሉ ነው። የሱ ዝቅታ ከኛ ራስ ይበልጣል ለማለት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ እንደዛ ነው የታየኝ። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ 20 ባት ሰጥታችሁ ሳንቲም ትቀበሉና እየሄዳችሁ አንድ አንድ ትጥላላችሁ፣ አዳራሹን የሚሞላው ድምፅ የሱ ነው፣ ቅጭል ቅጭል ቅጭል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ዓይነት። ፎቶ እዚህ ይቻላል። ግን ጀርባችሁን ለቡድሃ ሰጥታችሁ እየተቃለዳችሁ ሰልፊ፣ ሐውልት ላይ መውጣት፣ መደገፍ፣ ማቀፍ፣ ይቅር።

በር ላይ ያለችውን ደፍ አትርገጧት፣ ተሻገሯት። ጫማ ሰው ቤትም ይወልቃል፣ አንዳንድ ሱቅም፣ ደጃፍ ላይ ጫማ ተደርድሮ ካያችሁ የናንተንም ጨምሩ። ማሰሪያው ብዙ የሆነ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እኔ በቀን አሥር ጊዜ እየፈታሁ እያሰርኩ ወገቤ ተቆረጠ።

ሰላምታው "ዋይ" ይባላል፣ ሁለት መዳፍ ገጥሞ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ እጅ መንሳት በሉት። እኔ መጀመሪያ ለሁሉም ነው የምነሳው፣ ለዘበኛው፣ ለሰቨን ኢሌቨን ካሸሯ፣ ለፒ የእህት ልጅ። ፒ አንድ ቀን "ካሸሯን እኮ አስጨነቅሻት" አለችኝ። ዋይም ከፍና ዝቅ አለው፦ እኩያ ከሆነ ጣታችሁ አገጭ አካባቢ፣ ለትልቅ ሰው አውራ ጣት አፍንጫ ጫፍ ጋ፣ ለመነኩሴና ለቡድሃ አውራ ጣት ቅንድብ መሃል ደርሶ ራስ በደንብ ይጎነበሳል። የሚጀምረው ታናሽ ነው። ልጅ ወይ አስተናጋጅ ዋይ ሲያደርግላችሁ ፈገግ ብሎ ራስን መነቅነቅ ይበቃል። መነኩሴ ግን ለማንም አይመልስም፣ ንጉሡ ራሱ ለመነኩሴ እጅ ይነሳል መነኩሴው ግን አይመልስለትም። ከዋዩ ጋር ሴት ከሆናችሁ "ሳዋዲ ካ" ወንድ ከሆናችሁ "ሳዋዲ ክራፕ"፣ ምስጋናው "ኮፕ ኩን ካ" ወይ "ኮፕ ኩን ክራፕ"፣ በቃ ይሄን ካወቃችሁ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። አስተናጋጅ ስትጠሩ ጣት አትቀስሩ አታፏጩ፣ መዳፍ ወደ ታች አድርጎ ጠራ ጠራ ማድረግ ነው፣ ከናንተ የምትበልጥ ከመሰለች ፒ፣ የምታንስ ከመሰለች "ኖንግ"። ስለ ዕድሜ ስትገምቱ ግን ተጠንቀቁ፣ እኔ የ50 ዓመት ሴትዮ ኖንግ ብዬ ደስ አሰኝቻታለሁ።

ስለ ንጉሡ አጭር ልበል፣ አጭር የሚሆነው ስለማይቀለድበት ነው። የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይ እንደራሴውን የሰደበ ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል ይላል፣ ያውም በአንድ ጥፋት። ለውጭ ዜጋም ይሠራል፣ ፌስቡክ ላይ ለጻፋችሁትም ይሠራል። ስለዚ በዚህ ርዕስ ወሬ ሲነሳ ሻይ ጠጡ። የገንዘቡ ኖት ሁሉ የንጉሥ ምስል አለበት፣ ኖት ወድቆ ነፋስ ሲወስደው በእግር ረግጦ ማቆም የሚከለከለው ለዛ ነው፣ እግርና የንጉሥ ፊት! ተከትላችሁ በእጅ ያዙ። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የሕዝብ መዝሙር ይሰማል፣ እኔ ሉምፒኒ ፓርክ ውስጥ ነው የገጠመኝ፣ የሚሮጠው ሁሉ በአንዴ ቀጥ አለ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ እኔ ብቻ ስልኬን እያየሁ ሦስት አራት እርምጃ ሄጄ ነው የነቃሁት። ቀጥ በሉ፣ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር ይሄን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ታዮች በቡድሃ ዘመን ነው የሚቆጥሩት፣ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። የአባዬ የቀጠሮ ወረቀት ላይ 2568 ይላል፣ በኛ 2017 ላይ ቁጭ ብለን፣ 551 ዓመት ልዩነት። አባዬ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየውና "ልጄ፣ እስከዛ ጉልበቴ ራሱ ይድናል" አለኝ። ደግሞ የማታ አቆጣጠራቸው እንደኛ ነው! በፈረንጅ 7 ሰዓት ማታ የሚባለውን አንድ ብለው ይጀምራሉ፣ "ኑንግ ቱም"፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ፒ "ማታ ሁለት ሰዓት እራት" ብላ በነሱ አቆጣጠር ስትቀጥረኝ እኔ በኛው ሰምቼ በሰዓቱ ስገኝ የተደነቀችው መደነቅ።

ድምፅም ከፍታ አለው፣ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) ሂሳብ ላይ አንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ተቆጠረብን። እኔ ያው ደክሞኛል ተርቤያለሁ ዶላሩም እያለቀ ነው፣ ካሸሯ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር ፈገግታዋ እየሰፋ ሥራዋ እየቀዘቀዘ መጣ፣ በመጨረሻ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን ጠበቅን። በማግስቱ ሌላ ሂሳብ ላይ ያው ስህተት፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው፣ ግን አሁን ፈገግ ብዬ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጥቼ "ምናልባት እኔ አልገባኝ ይሆናል" አልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሰው ፊት መቆጣት ለነሱ ሁለቱንም ሰው ማዋረድ ነው፣ የሚቆጣውንም። "ክሬንግ ጃይ" የሚል ቃል አላቸው፣ እንግሊዝኛ የሚያወሩ ሰዎች ይሄን ቃል ለመተርጎም ሲሰቃዩ አይቻለሁ፣ እኛ ግን አንድ ቃል አለን፣ ይሉኝታ። ሰውን ላለማስቸገር፣ ፊቱን ላለማጥቆር ብሎ መተው። ለዛ ነው ልብሴን ዝም ብለው ከገመድ የሚያወርዱት፣ ለዛ ነው ጠባቂው በመዳፉ እግር የሠራልኝ። ስለዚ ሰው ዝም ስላላችሁ ልክ ናችሁ ማለት አይደለም፣ እዛ አገር ስታጠፉ የሚነግራችሁ የለም፣ ፈገግታውን ማንበብ የናንተ ሥራ ነው።

ፒ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችኝ፣ መነኮሳቱ ሲመጡ ምጽዋት ልንሰጥ። "ታክ ባት" ይሉታል። የተቀቀለ ሩዝና ወጥ በላስቲክ አድርጋ አፉን በጎማ አስራዋለች፣ ሙቀቱ እጅ ያቃጥላል። በር ላይ ወጣን፣ ጫማሽን አውልቂ አለችኝ፣ ለምን ስላት መነኩሴው ባዶ እግሩን ነው የሚመጣው፣ እኛ በጫማ ከቆምን ከሱ ከፍ አልን ማለት ነው አለች። የጫማ ሶል እኮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው! አንድ ወጣት መነኩሴ መጣ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፣ የጎድጓዳውን ክዳን ከፈተ። እጄ እንዳይነካው ተጠንቅቄ ከላይ ለቀቅ አደረግኩት። (ሌላ ዕቃ በቀጥታ ለመስጠት ከሆነ መነኩሴው ጨርቅ ይዘረጋል፣ ሴት ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች።) ከዛ በርከክ ብለን ራሳችንን ዝቅ አደረግን፣ ጥቂት ቃል አዜመልንና ሄደ። ምስጋና የለም። እኔ ትንሽ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ፒ ገባትና "አመስጋኟ እኔ ነኝ እኮ፣ እሱ ነው ጽድቅ እንዳገኝ ዕድል የሰጠኝ" አለችኝ። ከእኩለ ቀን በኋላ ምግብ ስለማይበሉ ጠዋቱ ነው ሁሉ ነገር። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ከሩቅ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊታቸው ላይ ስልክ አትደግኑ።

ቡድሃ ሐውልት ለስጦታ ልግዛ ለምትሉ፣ አትግዙ ባይ ነኝ። ከአገር ለማውጣት የሥነ ጥበብ መሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ይፈለጋል፣ መንገድ ላይ ደግሞ "ቡድሃ ጌጥ አይደለም" የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ ታያላችሁ፣ ንቅሳትም ሶፋም አይደለም ይላል። ቤት ወስዳችሁ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የምታስቀምጡት ከሆነ ፒ ታልቅሳለች። ሌሎች የቡድሃ አገሮች ላይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ስሪላንካ በፈረንጅ 2014 ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት ያላትን እንግሊዛዊት ቱሪስት ከኤርፖርት ይዘው አባረዋታል፣ ማይናማር ላይ በፈረንጅ 2015 አንድ የኒውዚላንድ ሰው ለመጠጥ ቤት ማስታወቂያ ቡድሃን ሄድፎን አድርጎ ፌስቡክ ላይ ስለለጠፈ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል፣ በኋላ በምሕረት ቢወጣም። ሕንፃ ሁሉ ፊት ለፊት የምታዩት ትንንሽ ቤት መሳይ ነገር ደግሞ የመንፈስ ቤት ነው፣ ቀይ ፋንታ ስትሮ ተደርጎበት ተቀምጦ ታያላችሁ፣ ለቦታው ጠባቂ መንፈስ ነው፣ አትንኩት አትጠጡት። አዎ ጠይቄያለሁ።

ብዙ ሰው በውስጥ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ "መስገድ ግዴታ ነው ወይ? እምነቴስ?" ግዴታ አይደለም። እነሱ ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ለቡድሃ፣ ለትምህርቱ፣ ለመነኮሳቱ ማኅበር፣ እናንተን ግን ማንም ስገዱ አይላችሁም፣ እግራችሁን አጥፋችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ደስ ካላላችሁ ደግሞ አለመግባት። የሚከፋው በሚጸልይ ሰው ፊት ቆሞ መንጎራደድ ነው። ዋይ ደግሞ ሰላምታ እንጂ አምልኮ አይደለም።

አባዬ ለምሳሌ አልገባም አለ፣ አይሆንም አለ አለቀ። ዋት ፖ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ከዘራውን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔና ፒ ገባን። ስንወጣ ከሩቅ እያየነው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በዛ በኩል መጣ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው እንደ አባዬ። አባዬ ጉልበቱን እያወቅኩት፣ ከዘራውን ተደግፎ ከዛ አግዳሚ ላይ ለመነሳት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እያወቅኩ፣ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ መነኩሴው እስኪያልፍ እንደዛው ቆየ። ማንም አላስተማረውም፣ መነኩሴ ሲያልፍ ዕድሜ ልኩን የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ፒ ክንዴን ያዘችኝ። "ኩን ፖ" አለች፣ የተከበሩ አባት እንደማለት ነው፣ ሌላ አልጨመረችም።

ስንደርስ አባዬ ተቆጥቶ ነው የጠበቀን።

"ሰላም አልኩት እኮ" አለኝ፣ ባርኔጣውን መልሶ እያደረገ። "ዝም ብሎኝ ሄደ።"

"ለንጉሡም አይመልስም አባዬ።"

ትንሽ አሰበ። "እሱስ ልክ ነው" አለና ከዘራውን ፈለገ።